ከአትክልቱ እስከ አባ በር

ሰኔ ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ቢቸና

ባለቤቴ ዘርፈሽ ወደ ሞጣ፣ ወደ እናቷ ቤት ከሄደች ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆናት።

ይህ ደብተር የሥራ ነው። መሬት ቀያሽ ነኝ፤ የሰው ማሳ ለክቼ ቁጥሩን የማሰፍርበት ነበር። ዛሬ የራሴን ግቢ ለካሁና አሰፈርኩበት። ዘጠኝ ሜትር በሰባት። ከዚያ ላይ የምሥራቁ ጥግ፣ ግራዋው ሥር ያለው፣ ይቀነሳል። እዚያ ሚጣ አለች።

ልጃችንን ሚጣ የምንላት ስም ስላልነበራት ነው። በእኛ ቤት ልማድ ስም የሚወጣው ክርስትና ዕለት ነው። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀራት አረፈች። ክርስትና ስላልተነሣች ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልገባችም፤ እኔና የዘርፈሽ ወንድም የኔሰው እዚሁ ቀበርናት። ለቅሶ አልተቀመጥንም። ድንኳን የለ፣ ፍትሐት የለ። ጎረቤት ቆም ቆም እያለ «እግዜር ሌላ ይስጣችሁ» ብሎ ሄደ።

ዘርፈሽ ከዚያ በኋላ የቆየችው ሁለት ቀን ነው። ከቤት በወጣች ቁጥር ደጃፉ ላይ ትቆማለች፤ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ይጠፋታል። «የምረግጣት ይመስለኛል» አለችኝ። ጥጉ እዚያ ማዶ እንደሆነ እያየች።

ስለዚህ ግቢውን አትክልት አደርገዋለሁ። የተዘራ መሬት ማንም አይረግጥም። መሃሉን አንዲት ቀጭን መሄጃ እተዋለሁ። ስትመጣ እግሯ የሚያርፍበትን ታውቀዋለች።

ከመጣች።

ሰኔ ፲፩፣ ረቡዕ

ዘር ገዛሁ። ካሮት፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር። ሻጩ ከዚህ በፊት ዘርቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን መሬት ስለካ ኖሬአለሁ አልኩት። እሱን አልጠየቅኩህም አለኝ።

ሰኔ ፲፫፣ ዓርብ

ችካል ተከልኩ፤ ገመድ ወጠርኩ፤ መደቦቹን በሜትር አስተካከልኩ። ለካሮቱ በየሦስት ጣቱ ጉድጓድ እየቆፈርኩ አንዳንድ ፍሬ ጨመርኩበት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

እትዬ ፈንታነሽ በአጥሩ አሻግረው ሲያዩኝ ነበር ለካ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጎመንና ሽንኩርት እያበቀሉ ገበያ የሚያወጡ። ቤት ልሠራ ነው ወይስ ካሮት ልዘራ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ አላስቻላቸውም፣ ገቡ። የካሮት ዘር እንዲህ ከተቀበረ አይወጣም አሉ፤ በላይ በላዩ ተበትኖ አፈር በስሱ ይለብሳል፤ ሲበቅል ደግሞ ይሳሳል፤ ደካማው ተነቅሎ ጠንካራው ይቀራል።

«ደህናው አፈር ያ ነው፤ ለምን ዘለልከው?» ብለው ወደ ምሥራቁ ጥግ ሲያመለክቱ ነገሩ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ተመልሰው ወጡ።

ዘሩን እንደ አዲስ በተንኩት። በዝቶብኝ ይሆናል።

ሰኔ ፲፭፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አባ ገብረ ክርስቶስን ማየት ከበደኝ።

የንስሐ አባታችን ናቸው። ያን ዕለት፣ ግንቦት ሃያ አራት፣ የሆነው እንዲህ ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደናት መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ሲመሽ ትንፋሿ አጠረ። በዚያ ሰዓት መኪና አይገኝም። ዘርፈሽ «አባን ጥራልኝና ያጥምቋት» አለችኝ። ጭንቅ ከመጣ ቀኑ ሳይሞላም ይጠመቃል፤ ይህን የመሪጌታ ልጅ ሆኜ አላጣውም። ሄድኩ። አባ አልነበሩም። የጥኖራ ከተማ ለተዝካር ሄደዋል። ተመልሼ ነገርኳት። ጎሕ ሳይቀድ አለፈች።

የሆነው ይኸው ነው። ጻፍኩት፤ ይበቃል።

ሰኔ ፳፪፣ እሑድ

ዛሬ ስልክ ሠራ። ዘርፈሽ ደህና ነኝ አለች። ድምጿ ደህና አይመስልም። ጡቷ ውስጥ ወተቱ ገና አልደረቀም፤ እናቷ በጨርቅ እንደምንም እያሰሩላት ነው። ይህን የነገረችኝ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው።

ካሮት ዘራሁ አልኳት። «አንተ?» አለች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ። ሳቅ ነው ካልኩት።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «አባን ይቅር ማለት አቃተኝ፣ ፍቅረ። አራስ ቤት ትተው ተዝካር ይሄዳሉ? የእኔዋን ቀን ያውቁ አልነበረም?»

ምን መለስኩላት? መስመሩ ይቆራረጣል አልኳት። መስመሩ አልተቆራረጠም ነበር።

ሰኔ ፳፯፣ ዓርብ

በቀለ! ካሮቱ እንደ ፀጉር እየቀጠነ ወጣ። ሥራ ቦታ ነገርኳቸውና ቀለዱብኝ። ይቀልዱ።

ሐምሌ ፫፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ። ጠዋት ሮጬ ወጣሁ። ጎርፉ በምሥራቁ ጥግ በኩል መንገድ ሠርቶ አፈሩን ወስዶታል። ብዙ አይደለም። አንድ ስንዝር። ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ቦይ ቀደድኩ፣ አፈር መለስኩ። የእትዬ ፈንታነሽ ዶሮዎች መጥተው እዚያው መጫር ጀመሩ። ድንጋይ ወርውሬ አንዷን እግሯን መታኋት። ሴትዮዋ ዐይተዋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዶሮዎቹ ታስረው ይውላሉ።

እዚያ ጥግ ላይ አንድ ነገር በቅሏል። እኔ አልዘራሁትም። ሁለት ወፍራም ቅጠል።

ሐምሌ ፮፣ እሑድ

ዱባ ነው አሉ እትዬ ፈንታነሽ። ማን ጣለው? ወፍ ይሆናል፤ ከማእድ ቤት ጥራጊ ይሆናል። ከአሁኑ ካልተነቀለ ግቢውን ይወርሰዋል፣ ሌላውን አትክልት ያፍነዋል አሉ። እሺ አልኳቸው። አልነቅለውም።

ሐምሌ ፲፪፣ ቅዳሜ

ገበያ ላይ ከሰው ጀርባ ቆሜ የሰማሁት፣

አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ እኚያ ቄስ የአንዲት አራስ ልጅ ሳያጠምቁ ቀርተው ልጅቷ እንዲያው ሄደች አሉ፤ ድግስ አሳዷቸው የጥኖራ ድረስ ሄደው ነው አሉ፤ ወሬው ከሞጣ ነው የመጣው። ሌላዋ፣ እኔማ ከእንግዲህ መስቀላቸውን አልሳለምም።

የገዛሁትን ድንች ትቼ መጣሁ።

ማታ እትዬ ፈንታነሽ አጥሩ ጋ ጠሩኝ። እሳቸውም ሰምተዋል። «እኔ የማይገባኝ» አሉኝ፣ «እኚህ ሰው ከፋሲካ ወዲህ ከቢቸና መች ወጡ? ጉልበታቸውን ታመው እዚህ ደብር ድረስ እንኳ በመከራ ነው የሚደርሱ።» ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የተናገሩት። እንግዲህ ቤታቸው ያገኘሁት ሰው እንዲያ ብሎኝ ይሆናል አልኩ።

ማን? አሉኝ።

የማላውቀው ሰው አልኩ። ከመቼ ወዲህ ነው ቢቸና ውስጥ የማላውቀው ሰው የኖረው።

ሐምሌ ፲፱፣ ቅዳሜ፣ ገብርኤል

ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆምኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ አባ መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። ሰው በፊታቸው ያልፋል፤ አንዳንዱ ይሳለማል። ሁለት ሴቶች ዞር ብለው በወንዶቹ በር ወጡ። አባ መስቀሉን እንደ ዘረጉ ቀሩ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱት።

ምን ነካኝና ሄድኩ።

ሐምሌ ፳፮፣ ቅዳሜ

ቆስጣው ደርሷል። ብቻዬን በላሁት። አሸዋ አለው፤ በደንብ አላጠብኩትም። ቀይ ሥሩ ቀጨጨ። ፍጉ ሳይበስል ጨምሬበት ነው አሉ እትዬ ፈንታነሽ፤ አቃጠለው። ካሮቱ ታጭቋል። ዛሬ ላሳሳው ቁጭ ብዬ አንዷን ያዝኩ። ብሳብ ትወጣለች፣ ክር ናት። ደካማዋ የትኛዋ ናት? ከደካማዋ አጠገብ ያለችው ምኗ ነው የሚበልጥ? ተነሣሁ።

ዱባው ክንድ አልፏል።

ነሐሴ ፬፣ እሑድ

ዘርፈሽ ደወለች። መንገዱ በዝናብ ካልተበላሸ ጳጉሜን ላይ ከየኔሰው ጋር ልትመጣ ነው።

የማደርገው ጠፍቶኝ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

ለእኔ ብቻ የምትነግረኝ ነገር አለ። በስልክ አይሆንም አለች። «ከሆነ ቀን ጀምሮ በልቤ ይዤው ነበር፤ ክርስትናዋ ዕለት ልነግርህ ነበር» አለችኝ። ምንድን ነው ብላት፣ ስመጣ ከሚጣ አጠገብ ቁጭ ብለን ነው አለች። ድምጿ ወደ ድሮው የተመለሰው ያኔ ብቻ ነው።

ቀጥላ ግን የንስሐ አባቷን ልትቀይር መሆኑን ነገረችኝ። እናቷ ሞጣ ላይ ሌላ አባት አግኝተውላታል። አባ ገብረ ክርስቶስ ከደጃችን እንዳይደርሱ አለች።

እሺ አልኳት። እሺ ማለት እንዴት ይቀላል።

ነሐሴ ፲፩፣ እሑድ

አባ መጡ።

ከካሮቱ ሥር አረም ስነቅል ቀና ብል በሩ ላይ ቆመዋል፤ በትራቸውን ተደግፈው፣ ጫማቸው ጭቃ ብቻ። ይግቡ አልኩ። አልገቡም። ጾሙ እንዴት ይዞኛል አሉ፤ ዘርፈሽን ጠየቁ። አትክልቱን ዐዩ። ካሮቱ በዝቷል አሉ እሳቸውም። እዚህ አገር ካሮት የማያውቅ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

እኔ እጄን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ።

«ያን ማታ ውሻዬ ጮኾ ነበር» አሉ። «እንግዳ ነበረብኝ፤ የእኅቴ ልጅ። ወጥቼ ሳይ ሰው የለም። በሩ ሥር ጭቃው ላይ ግን የጫማ ዱካ ነበር፤ መጥቶ የተመለሰ።»

እግሬን ከታች ሳልወድ ሸሸግሁት። ካሮቱ መሃል ገባ።

እርስዎ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። ሰው እንዲህ ሲያማዎ። «ልጇን አጥታለች። እኔ ከተናገርኩ ባሏንም ታጣለች። አንተ ከተናገርክ ደግሞ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እሱ የአንተ ነው» አሉኝ። ከበሩ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ባረኩኝ። መስቀሉን ልሳለም ስጠጋ እጄ አፈር መሆኑ ትዝ አለኝና ቆምኩ። እሳቸው ግን ግንባሬ ላይ አሳረፉልኝ።

እያነከሱ ሄዱ። እስኪጠፉ ዐየኋቸው።

ነሐሴ ፲፪፣ ሰኞ

ሥራ አልሄድኩም። ጠዋት ሜትሬን ይዤ ወጣሁ፤ ከቤቴ ደጃፍ እስከ አባ በር ለካሁ። ሰው ቢያየኝ የመንገድ ሥራ ነው እል ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር። እንደገና ለካሁት። ያው ነው።

ሰኔ ፲፭ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው።

አባ ነበሩ። በራቸው ገርበብ ብሎ መብራት ይታይ ነበር። መጀመሪያ ሳላቸውን ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሳቃቸውን። እንግዳቸው አንድ ነገር አጫውቷቸው ነው። እጄን ወደ ቆርቆሮው በር አንሥቼአለሁ። ልመታው ነበር። ያሰብኩትን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ደግሞ ሌላ ሰበብ አገኝለታለሁ። የመሪጌታ ልጅ በጉንፋን ተርበደበደ ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ጠላው ተጠንስሷል፣ የክርስትና እናቷ ረቡዕ ከሞጣ ይገባሉ፣ ሰው ተጠርቷል፤ ዛሬ በችኮላ ከተጠመቀች ሐሙስ ሰውን ምን ብዬ ልቀበለው ነው ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና አምሮ ደምቆ እንዲታይልኝ ፈለግሁ። ሲነጋ ይሻላታል አልኩ። ውሻው ጮኸ። ተመለስኩ።

ዘርፈሽ እቅፏ ውስጥ አድርጋት በር በሩን ታይ ነበር። «የሉም» አልኳት። የጥኖራን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አፌ ላይ መጣ።

ልጄን እኔ አልገደልኳትም። ይህን አውቃለሁ። አባ ቢመጡም ትሞት ነበር። ግን ደጀ ሰላሙን አልፋ ነበር የምትተኛው፤ ስሟ ተጠርቶ፣ ተለቅሶላት። እናቷ አፈር ላይ መራመድ አትፈራም ነበር።

ለዘርፈሽ እነግራታለሁ። ስትመጣ።

ነሐሴ ፳፫፣ ዓርብ

ለዘርፈሽ አልነግራትም። ምን ይጠቅማታል? ገና መዳኗ ነው። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ይረሳል።

ነሐሴ ፳፬፣ ቅዳሜ

ዛሬም አንዲት ሴት አባን አይታ መንገድ ተሻገረች። ሰው አይረሳም።

ነሐሴ ፳፱፣ ሐሙስ

ዱባው አበባውን ጥሎ አንድ ፍሬ ይዟል። ሐረጉ ከጥጉ ተነሥቶ፣ በካሮቱ ጎን አልፎ፣ መሄጃውን ይዞ እስከ ደጃፉ ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ጫፉ መድረኩ ላይ ነበር። አንሥቼ ወደ ጎን አደረግሁት። ማታ ስመለስ ተመልሶ መጥቷል። ንፋስ ነው።

የዘራሁት ሁሉ ይኼን ያህል አላደገም፤ ያልዘራሁት እሱ ብቻ።

ጳጉሜን ፫፣ ሰኞ

የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ልጆች መንገድ ላይ ሲታጠቡበት ዘርፈሽ ገባች። የኔሰው ዕቃዋን አውርዶ ወደ ከተማ ሄደ።

ከስታለች። በሩ ላይ ቆማ ግቢውን ዐየችው። እግሯን አነሣች፣ መለሰች። ያቺውልሽ መሄጃ አልኳት። እንደ ልጅ አንድ በአንድ እየረገጠች መጣች፤ መሃል ላይ ቆማ ካሮቱን ተመለከተች። «ይኼ ሁሉ በአንድ ቦታ? አላሳሳኸውም እንዴ?» አለች። አልቻልኩም አልኳት። ፊቷ ላይ የመጣውን ሳየው እዚያው ብሞት በወደድኩ። ደግ ሰው የምታይ መሰላት።

ዱባውን ማን እንደ ተከለው ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። ጥጉ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ድንጋዮቹን ነካች፣ ተቀመጠች፤ እኔንም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዝናቡ ስስ ነው። ነጠላዋን ወደ እኔም ዘረጋችው።

«ልነግርህ ያልኩት» ብላ ጀመረች።

እኔ ልቅደም አልኳት። ካዳመጥኳት በኋላ መናገር እንደማልችል አውቄዋለሁ። ነገርኳት። የጥኖራውን፣ ጠላውን፣ እጄን አንሥቼ መመለሴን። ስናገር ዓይኔ ካሮቱ ላይ ነበር።

እጇን ከድንጋዮቹ አነሣች።

«ድምፃቸውን ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ።

«ከዚህ ስንት ይርቃል?»

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር አልኳት።

ዞራ ዐየችኝ። «ለክተኸዋል» አለች።

ነጠላዋን ከላዬ ሰብስባ ተነሣች። በመሄጃው አልሄደችም። ቆስጣውን እየረገጠች፣ ቀይ ሥሩን እየረገጠች ቀጥ ብላ ወጣች። ዝናቡ ውስጥ፣ ወደ አባ ቤት። አልተከተልኳትም። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ያን ማታ እሷ እንደ ጠበቀችኝ።

አንድ ሰዓት አልፎ ተመለሰች። ጉልበቷ ላይ ጭቃ አለ፤ ተንበርክካለች። ዕቃዋን አንሥታ ዛሬ እትዬ ፈንታነሽ ቤት እንደምታድር፣ ነገ በጠዋት ከየኔሰው ጋር ወደ ሞጣ እንደምትመለስ ነገረችኝ። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ደጃፉን ልትወጣ ስትል ቆመች።

«ስም አውጥቼላት ነበር። ከተወለደች በሳምንቷ። ሳጠባት፣ አንተ ሥራ ስትሄድ፣ እሱን ነበር የምጠራት። ልነግርህ ነበር የመጣሁት።»

ጠበቅኋት።

«አሁን ከአፌ አልወጣ አለኝ፣ ፍቅረ። ለአባ ነግሬአቸዋለሁ።»

ጳጉሜን ፬፣ ማክሰኞ

ሄዱ። የኔሰው የዶማዬን እጀታ እያየ ቻው አለኝ። አብረን የቆፈርንበት ዶማ ነው።

ጳጉሜን ፭፣ ረቡዕ

ካሮቱን አሳሳሁት። ዘግይቷል አሉ እትዬ ፈንታነሽ፤ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ። የነቀልኩት አንድ ቁና ይሆናል። የቀረው እዚህም እዚያም ብቻ ብቻውን ቆሟል።

የተረገጠው ቆስጣ ላይ የጫማዋ ቅርጽ አለ። አልነካሁትም።

መስከረም ፪ ቀን ፳፻፲፰፣ ዓርብ

ሴቶቹ የአባን መስቀል መሳለም ጀምረዋል። እኔን ሲያዩ ነው አሁን መንገድ የሚሻገሩት። እንዲያ ይሻላል።

ዱባው ራስ አክሏል። ማንም አልቆረጠውም።

አባ ሦስት ቀን ሆናቸው፣ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሬ ጋ ይቆማሉ። ወደ እኔ አይዞሩም። ወደ ምሥራቁ ጥግ ይዞሩና በትራቸውን ተደግፈው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ፍትሐት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አይፈቀድም። አንድ ቃል ነው፣ አጭር፤ ደጋግመው ይሉታል። ከዚያ አማትበው ይሄዳሉ።

ዛሬ ካሮቱ መሃል ተቀምጬ ነበር። ከእኔ እስከ ቆሙበት አራት ሜትር አይሞላም። ትንፋሼን ውጬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፃቸው አይሰማኝም።